የትራንስፎርመር ሕመም በዘይቱ ይታወቃል

መጋቢት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ከምሽቱ አምስት ሰዓት ከሃያ ገደማ፣ ከለንደን በስተምዕራብ በሚገኘው በኖርዝ ሃይድ የኤሌክትሪክ ጣቢያ አንድ ትልቅ ትራንስፎርመር በእሳት ተያያዘ። በአካባቢው ከ60,000 የሚበልጡ ቤቶችና ድርጅቶች በጨለማ ተዋጡ። ከዚያው ጣቢያ ኃይል ይቀበል የነበረው የሂዝሮው አውሮፕላን ማረፊያም በማግሥቱ አብዛኛውን ቀን ተዘግቶ ስለ ዋለ፣ ከ200,000 የሚበልጡ መንገደኞች ጉዞ ተሰናከለ።

ነገሩ ለሰሚው ድንገተኛ አደጋ ይመስላል። ጉዳዩን እንዲመረምር የታዘዘው የብሪታንያ የኃይል ሥርዓት አስተዳዳሪ መሥሪያ ቤት በሰኔ 2017 ዓ.ም. ያወጣው መግለጫ ግን ሌላ ታሪክ ይነግረናል። ከሰባት ዓመት ያህል በፊት፣ በ2010 ዓ.ም. ክረምት፣ ከዚሁ ትራንስፎርመር «ቡሺንግ»፣ ማለት ከፍተኛው ኃይል ወደ ውስጥ ከሚገባበት አንገት፣ የተቀዳው ዘይት ሲመረመር ከልክ ያለፈ እርጥበት ተገኝቶበት ነበር። የባለቤቱ ድርጅት መመሪያም እንዲህ ያለ ውጤት ብልሽት መቃረቡን እንደሚያመለክትና ቡሺንጉ መለወጥ እንዳለበት ይናገራል። ይሁን እንጂ ተገቢው እርምጃ ሳይወሰድ ቀረ፤ በኋላም ሊደረግ የሚገባው ጥገና ለሌላ ጊዜ ተላለፈ። እሳቱን ያስነሣውም በዚያ አንገት የገባው እርጥበት ሳይሆን እንዳልቀረ መርማሪዎቹ ደምድመዋል።

ለመሆኑ ዘይት የትራንስፎርመርን ሕመም እንዴት ይናገራል? ትራንስፎርመር በውስጡ የሚሽከረከር ነገር የለውም። ሆዱ ውስጥ ያለው የብረት እምብርት፣ በላዩ የተጠመጠመ የመዳብ ሽቦ፣ ሽቦውን የሸፈነ ወረቀትና ሁሉንም የሚያጠልቅ ዘይት ነው። ዘይቱ ሁለት ሥራ አለው፤ ሙቀቱን ያበርዳል፣ ኤሌክትሪኩም ካለ መንገዱ እንዳይዘል ይከለክላል። ዘወትር ከሽቦውና ከወረቀቱ ጋር ስለሚነካካ፣ በውስጥ የተፈጸመው ነገር ሁሉ እንደ ሰው ደም በእርሱ ላይ ምልክቱን ይተዋል።

ሐኪም ደም ቀድቶ እንደሚመረምር፣ የኤሌክትሪክ ባለሙያም ጥቂት ዘይት ቀድቶ በውስጡ የሟሙትን ጋዞች ይለካል። ሃይድሮጂን ብቻውን ቢበዛ በውስጥ ጥቃቅን የኤሌክትሪክ ፍንጣቂ መኖሩን ያስጠረጥራል። ኤቲሊን ቢበዛ ዘይቱ አንድ ቦታ ላይ ከመጠን በላይ መጋሉን ያሳያል። አሴቲሊን የታየ እንደ ሆነ ግን ብርቱ ብልጭታ ሳይኖር አይቀርምና ነገሩ ለነገ የሚባል አይደለም። ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ወረቀቱ እየተቃጠለ ስለ መሆኑ ይመሰክራል።

ከሁሉ የሚያሳስበው ይኸው ወረቀት ነው። ዘይት ቢቈሽሽ ይጣራል፣ ቢያረጅ ይለወጣል፤ በሽቦው ላይ የተጠመጠመውን ወረቀት ግን ትራንስፎርመሩን ፈትቶ እንደ ገና ካልጠመጠሙት በቀር መለወጥ አይቻልም። ስለዚህ የትራንስፎርመር ዕድሜ የወረቀቱ ዕድሜ ነው ይባላል። በዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን ስሌት፣ ለተራው ወረቀት መነሻው 98 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን፣ ከዚያ በላይ በየ6 ዲግሪው እርጅናው በእጥፍ ይፈጥናል። እርጥበት ሲጨመርበትማ ጥፋቱ ይብሳል፤ ወረቀቱም ሲበሰብስ ራሱ ውሃ ያወጣልና አንዱ ጕዳት ሌላውን ይወልዳል።

ለዚህ ሁሉ ጥበቃ ውድ መሣሪያ ብቻ ያስፈልጋል ማለት አይደለም። ማክስ ቡክሆልስ የተባለ ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1921 ያስመዘገበው መሣሪያ እስከ ዛሬ ይሠራል፤ ከዘይቱ የሚወጣው ጋዝ በውስጡ ሲጠራቀም ተንሳፋፊው ዝቅ ይልና የማስጠንቀቂያ ደወል ያሰማል፤ ዘይቱ በኃይል የተገፋ እንደ ሆነም ትራንስፎርመሩ ከመሥመር እንዲወጣ ያደርጋል። ትራንስፎርመሩ በሚተነፍስበት ዕቃ ያለው ሰማያዊ የሲሊካ ጄል ጠጠርም እርጥበት ሲጠግብ ወደ ሮዝ ይለወጣል፤ ይህን ለማየት ንቁ ዓይን ይበቃል። ናሙናው ሲቀዳ ግን ጠርሙሱ ንጹሕና ደረቅ መሆን አለበት፤ ውጤቱም ካለፈው ጋር ካልተነጻጸረ ሕመሙ እየገፋ ወይም እየበረደ መሆኑ አይለይም።

በየሰፈራችን አንድ ትንሽ ትራንስፎርመር ሲቃጠል ምጣዱ ይቀዘቅዛል፣ ተማሪው በሻማ ያጠናል። ትልቁ ሲቃጠል ግን ጕዳቱ ከተማን ያዳርሳል፤ ምትኩም ታዝዞና ተሠርቶ እስኪደርስ ከዓመት በላይ ይፈጃል።

ወጣቱ ባለ ሥልጣንም ሆነ ገና በትምህርት ላይ ያለው ተማሪ ከኖርዝ ሃይድ የሚማረው ይህን ነው። በዚያ ጣቢያ ዘይቱ ተቀድቷል፣ እርጥበቱም ተለክቷል፤ የጐደለው ቁጥሩን አይቶ «ይህ አንገት ይለወጥ» ብሎ ሥራውን እስከ ፍጻሜው የሚከታተል ሰው ነበር። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ምክር የሚጠቅመው ቅጠሉን በእጁ ይዞ ለተነሣ ሰው ነው። ነገ ከጠረጴዛችሁ ላይ እንዲህ ያለ ወረቀት ቢደርሳችሁ፣ ፈርማችሁ ወደ መዝገብ ቤት ከመመለሳችሁ በፊት «እርምጃውን የሚወስደው ማነው? እስከ መቼስ?» ብላችሁ ጠይቁ።