ከቦሌ እስከ ቢሾፍቱ፦ የሁለቱ ማረፊያዎች ባቡር ያዋጣል ወይ?

በአገራችን በጋይንት የድጓ ተማሪ ከሩቅ መጥቶ ቤተ ልሔም ላይ ያስመሰክራል። ዝማሬና መዋሥዕት የፈለገ ደግሞ ከዚያ ተነሥቶ ወደ ዙር አምባ ያቀናል። ሁለቱ ጉባኤዎች ሥራቸው ለየቅል ስለሆነ አንዱ ሌላውን አይሻማም። ነገር ግን ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገረው ተማሪ አኮፋዳውን አንግቶ የሚሄድበት መንገድ ያስፈልገዋል።

ይህን ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። አገራችን ሁለት ታላላቅ የአውሮፕላን ማረፊያዎች ሊኖሯት ነው። ታዲያ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገረው መንገደኛ በምን ይሂድ? በሻይ ሰዓት አንዳንዶቻችን «ባቡር ነዋ!» ስንል፣ ሌሎቻችን «ኧረ አውቶቡስ ይበቃዋል፤ የብድር ገንዘብ አይጫወቱበትም» እያልን ስንከራከር ሰንብተናል። እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው።

ነገሩ ምንድን ነው?

የቦሌ ማረፊያ በዓመት የሚያስተናግደው መንገደኛ ቢበዛ 25 ሚሊዮን ያህል ነው። ዙሪያውን ከተማ ስለከበበው እንደ ልብ ሊሰፋ አይችልም። ከዚህም ሌላ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛል። በከፍታ ቦታ አየሩ ስስ ስለሚሆን አውሮፕላን ከመሬት ለመነሣት ይቸገራል፤ በመሆኑም ጭነት መቀነስ ግድ ይሆንበታል። ቢሾፍቱ አጠገብ ያለው የአቡሴራ ሜዳ ከቦሌ 400 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። በዚህ ምክንያት በጥር ወር 2018 ዓ.ም. የአዲሱ ማረፊያ ሥራ በይፋ ተጀመረ። ወጪው 12.5 ቢሊዮን ዶላር ሲገመት፣ በመጀመሪያው ምዕራፍ 60 ሚሊዮን፣ ሲጠናቀቅ ደግሞ 110 ሚሊዮን መንገደኛ በዓመት እንዲያስተናግድ ታቅዷል። ከዕቅዱ ጋር ቦሌንና ቢሾፍቱን የሚያገናኝ 38 ኪሎ ሜትር ገደማ የባቡር ሐዲድ አብሮ ተነድፏል።

ፍጥነት ብቻውን አይበቃም

ባቡሩ በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ 38 ኪሎ ሜትሩን በ19 ደቂቃ ይጨርሳል። አውቶቡስ በሰዓት 60 ቢሄድ 38 ደቂቃ ይወስድበታል። ስለዚህ ባቡሩ 19 ደቂቃ ያተርፋል ማለት ነው። ነገር ግን ባቡሩ በየግማሽ ሰዓቱ የሚነሣ ቢሆን መንገደኛው በአማካይ 15 ደቂቃ ቆሞ ይጠብቃል። ትርፉ ወዴት ሄደ? በመጠበቅ አለቀ! እንግዲህ ባቡር የሚጠቅመው ቶሎ ቶሎ ሲመላለስ ነው፤ ቶሎ ቶሎ የሚመላለሰው ደግሞ የሚሞላው ሰው ሲኖር ነው።

ይሁን እንጂ ባቡር ከአውቶቡስ የሚበልጥበት አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም እርግጠኛነት ነው። መንገድ ሲጨናነቅ የ38 ደቂቃው ጉዞ ሰዓት ተኩል ሊፈጅ ይችላል። አውሮፕላን ደግሞ ቆሞ አይጠብቅም።

የሚሻገረው ስንት ሰው ነው?

የክርክሩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። በአየር መንገዳችን ከሚጓዘው ሰው ብዙው አዲስ አበባ ሳይገባ አውሮፕላን ቀይሮ የሚያልፍ ነው። ከሌጎስ መጥቶ ወደ ጓንጁ የሚሄድ ነጋዴ እዚያው ቢሾፍቱ ይቀይራል እንጂ ቦሌን አያያትም። የሚሻገረው ማነው ቢባል፣ የአገር ውስጥ በረራ ቦሌ ላይ ከቀረ፣ ከባሕር ዳር፣ ከጎንደር ወይም ከጅማ መጥቶ ወደ ውጭ የሚሄደው ነው።

ለምሳሌ ያህል ከ60 ሚሊዮኑ ከአሥር አንዱ ይሻገራል እንበል። በዓመት 6 ሚሊዮን፣ በቀን 16,400 ሰው ይሆናል። አንድ ባቡር 500 ሰው ቢጭን በቀን 33 ባቡር ይሞላል። ይህ ያዋጣል። ከመቶ አንዱ ብቻ የሚሻገር ከሆነ ግን በቀን 1,640 ሰው ነው፤ 50 ሰው በሚጭን አውቶቡስ 33 ጉዞ ይበቃዋል። ለዚህ ሲባል ሐዲድ መዘርጋት ለአንድ ቁና ጤፍ ጎተራ እንደመሥራት ነው። የአገር ውስጡም በረራ ወደ ቢሾፍቱ ቢዛወር ደግሞ በሁለቱ ማረፊያዎች መካከል የሚሻገር መንገደኛ ከናካቴው ጥቂት ይሆናል።

ሌሎች ምን ገጠማቸው?

1ኛ/ ካናዳ። እ.ኤ.አ. በ1975 ሞንትሪያል ከተማ ሚራቤል የተባለ ሰፊ ማረፊያ ከፈተች። የውጭ በረራው ወደ ሚራቤል ሲሄድ የአገር ውስጡ በአሮጌው በዶርቫል ቀረ። ሁለቱን ያገናኛል የተባለው ፈጣን ባቡር ግን ሳይሠራ ቀረ። መንገደኛው በመንከራተቱ ተማረረ፤ አየር መንገዶችም ሸሹ። እ.ኤ.አ. በ2004 ሚራቤል የመንገደኛ በረራ አቆመ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይኼ ነው።

2ኛ/ እንግሊዝ። ሂትሮውንና ጋትዊክን እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ ሄሊኮፕተር ያገናኛቸው ነበር። የለንደን ቀለበት መንገድ ሁለቱን ማረፊያዎች ካገናኘ በኋላ በ1986 ሄሊኮፕተሩ ቆመ። ጥሩ መንገድ ካለ ውድ ማገናኛ እንደማይጸና ከዚህ እንማራለን።

3ኛ/ ቻይና። ሻንጋይ ሁለቱን ማረፊያዎቿን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 በባቡር አገናኘች። ጉዞው 40 ደቂቃ አይሞላም። ዋናው ቁም ነገር ግን በመሐል ጣቢያዎች መኖራቸው ነው። ሐዲዱ የሚያገለግለው በራሪውን ብቻ ሳይሆን ሠራተኛውንና የከተማውን ሰው ጭምር ነው።

ከቤታችን የምንማረው

በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር 475 ሚሊዮን ዶላር ፈጅቷል። ከ41ዱ ባቡሮች ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጦት የቆሙበት ጊዜ ነበር። ሐዲድ መዘርጋት አንድ ነገር ነው፤ ባቡሩን ዓመት ከዓመት ማስኬድ ግን ሌላ ነው። ብድሩ በዶላር ይከፈላል፤ ቲኬቱን ግን የአገራችን ሰው የሚቆርጠው በብር ነው። እንደዚሁም የድሮው ባቡር ለገሃር መሐል ከተማ ያደርስ ነበር፤ አዲሱ የጅቡቲ መስመር ግን ከከተማው ዳር ለቡ ላይ ስለሚያወርድ ሰው ሌላ ታክሲ ይፈልጋል። ጣቢያው ከበሩ ከራቀ ባቡሩ ምን ቢፈጥን ዋጋ የለውም።

«ለእኛ ለጋይንቶች ምናችን ነው?»

ይህን የሚሉ ጓደኞች አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ከስማዳ ወይም ከእስቴ ተነሥታ ለሥራ ወደ ዐረብ አገር የምትሄድን ልጅ እናስብ። በአውቶቡስ ባሕር ዳር ትገባለች፤ ከዚያ በአውሮፕላን ቦሌ ትደርሳለች። የምትሄድበት አውሮፕላን ግን ያለው ቢሾፍቱ ነው። ጊዜው ሌሊት ነው፤ ሻንጣ አላት፤ አገሩን አታውቀውም። ሰዓት ሲደርስባት የጠየቃትን ሁሉ ከፍላ በማታውቀው ሰው መኪና ትሄዳለች። ነጋዴው የራሱን መኪና ይጠራል፤ ለዚህች ልጅ ግን ባቡሩ ከምቾትም በላይ ነው።

መደምደሚያ

እንደ እኛ አስተያየት ባቡሩ ያዋጣል፤ ነገር ግን አራት ነገሮች ሲሟሉ ነው፦

ሀ/ የአገር ውስጥ በረራ ቦሌ የሚቀር መሆኑ አስቀድሞ ሲቆረጥ፤
ለ/ ሻንጣ ባሕር ዳር ላይ ተሰጥቶ መጨረሻው ላይ ብቻ የሚነሣ ሲሆን፣ የባቡሩም ዋጋ በአውሮፕላኑ ቲኬት ውስጥ ሲጠቃለል፤
ሐ/ በመሐል ጣቢያዎች ኖረው ሠራተኛውና ነዋሪው ሲሳፈርበት፤
መ/ የመለዋወጫና የጥገና በጀት ሐዲዱ በተዘረጋበት ቀን አብሮ ሲያዝ።

ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ለጊዜው የራሱ መስመር ያለው አውቶቡስ ይሻላል። የባቡሩ መሬት ግን ከአሁኑ ተከልሎ ይቀመጥ፤ ቤት ከተሠራበት በኋላ ማስነሣት ወጪውም ሆነ የሰው እንባው ይበዛልና።

ለሠልጣኞች አንድ የቤት ሥራ፦ ባቡሩ በየ10 ደቂቃው ቢነሣ አማካይ የመጠበቂያው ጊዜ ስንት ይሆናል? ከአውቶቡሱስ በስንት ደቂቃ ይቀድማል? ሒሳቡን ወደፊት ለምታስተምሯቸው ልጆች በሚገባ አኳኋን ጽፋችሁ በዚሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉልን። የተቃውሞ አስተያየትም በደስታ እንቀበላለን።