ተማሪው ልጃችንና የወር አስቤዛው

በዛሬው ዝግጅታችን የምንነጋገረው ከቤተሰቡ ርቆ፣ ቤት ተከራይቶ ስለሚማር ልጅ አስቤዛ ነው። ጉዳዩ ቀላል ይመስላል። ይሁንና ወላጅ ከጉሮሮው ቀንሶ የላከው ገንዘብ ወሩ ሳይሞላ ሲያልቅ፣ ልጁም በስልክ «ደህና ነኝ» እያለ ጦሙን ክፍል ሲቀመጥ፣ ትምህርቱም ጤናውም ይጎዳል።

ገንዘቡን የሚጨርሰው የዕቃ መወደድ ብቻ አይደለም፤ የሚገዛበት መንገድም ጭምር ነው። በየቀኑ ከሰፈር ሱቅ በጥቂት በጥቂቱ የሚገዛ ዘይትና በርበሬ በኪሎና በሊትር ሲሰላ ውድ ይሆናል። በዱቤ ሲሆን ደግሞ ዋጋ አማርጦ ሌላ ሱቅ መሄድ ይቀራል። ስለዚህ ገንዘቡ እንደደረሰ በመጀመሪያ የማይበላሸው ይገዛ፤ ሽሮ፣ ምስር፣ በርበሬ፣ ጨው፣ ዘይት። ከመግዛት በፊትም የእሁድ ገበያውንና የሸማቾች ሱቁን ዋጋ ማስተያየት ይጠቅማል።

ሽሮን ለምሳሌ እንውሰድ። ለአንድ ሰው ወጥ 50 ግራም ይበቃል ብንል፣ አንድ ኪሎ 20 ጊዜ ያበላል። ዘይቱን፣ ሽንኩርቱን፣ እንጀራውንና ማብሰያውን ደምረን ምግብ ቤት ለ20 ጊዜ ከሚከፈለው ጋር እናስተያየው። ልዩነቱ ለደብተርና ለመጓጓዣ ይተርፋል።

ሁለተኛው አብሮ መግዛት ነው። ሦስት ጓደኛሞች ባለ 5 ሊትር ዘይት በጋራ ቢገዙ፣ ተራ ገብተው ቢያበስሉ ወጪውም ድካሙም ይቀልላል። ነገር ግን ማን ስንት እንዳዋጣ በጽሑፍ ይያዝ። ወዳጅነትን የሚያበላሸው ብዙ ጊዜ ያልተጻፈ ትንሽ ሒሳብ ነው።

ሦስተኛው የተገዛውን አለማባከን ነው። ሽንኩርት በላስቲክ ከታፈነ ይበሰብሳል፤ አየር በሚያገኝበት ይቀመጥ። ድንች ብርሃን በማያገኘው ቦታ ይሁን። ቲማቲም ለሁለት ሦስት ቀን የሚበቃው ብቻ ይገዛ። ማቀዝቀዣ የሌለው ሰው ሥጋ የዕለቱን ያህል ይግዛ። የተረፈ እንጀራ ሳይሻግት ፍርፍር ይሁን፣ ወይም ደርቆ ለድርቆሽ ይቀመጥ። ኢስራፍ የሀብታም ቤት ጥፋት ብቻ አይደለም።

ቁጠባ ማለት ግን ራስን ማስራብ አይደለም። ሽሮ ብቻ እየበሉ ወር መግፋት አይገባም፤ ምስር፣ ጎመን፣ ሲቻልም እንቁላል ይጨመርበት።

ወላጆችም ድርሻ አለን። ልጃችን ከቤት ከመውጣቱ በፊት፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ ወጥ መሥራት ይማር። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በቤታቸው ቤተሰባቸውን በሥራ ያግዙ ነበርና ለወንድ ልጅ ነውር የለበትም። ከገንዘቡ ጋር ከቤት የተዘጋጀ ሽሮ፣ በርበሬና በሶ እንላክለት። ስንደውልም «ገንዘቡ ደረሰህ?» ብቻ ሳይሆን «ዛሬ ምን በላህ?» ብለን እንጠይቀው።

አላህ ለልጆቻችን በጥቂቱ በረካ ያድርግላቸው። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።