ሊብሬ የሌለው ዕቃ፦ የኮምፒውተር «ሻንሲ ቁጥር» በአንድ ፍላሽ ይነበባል

መኪና የሚገዛ ሰው ቀለሙን ብቻ አይቶ ብር አይቆጥርም። ኮፈኑን አስከፍቶ የሞተር ቁጥሩን፣ ጎንበስ ብሎ የሻንሲ ቁጥሩን ያያል፤ ከሊብሬው ጋር ካልተመሳሰለለት ደላላው የቱንም ያህል ቢምል ዋጋው አይቆረጥም። ወለጋ ደግሞ ወርቅ የሚያውቅ አገር ነውና ወርቅ በመልኩ ብቻ እንደማይገዛ ለነቀምቴ፣ በሌላ ስሟ ለባኬ ጃማ፣ ነጋዴ የሚነግረው ሰው አያስፈልግም። ኮምፒውተር ላይ ሲደርስ ግን ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ይረሳል። ላፕቶፑ ተከፈተ፣ ስክሪኑ በራ፣ ባትሪው ጥቂት ቆየ ከተባለ ሒሳብ ይከፈላል፣ ዕቃው በካርቶን ይታሰራል።

ኮምፒውተርም «ሻንሲ ቁጥር» አለው። ፋብሪካው ለእያንዳንዱ ዕቃ የሚሰጠው ሰሪያል ቁጥር ነው። የሌለው ሊብሬ ነው። ሊብሬ ስለሌለውም ቁጥሩን አንብቦ በወረቀት ላይ ማስፈር የገዢው የራሱ ሥራ ይሆናል። ለዚህ ሥራ መነጽርና የእጅ ባትሪ ይዞ ከላፕቶፕ ሆድ ሥር መልቀም ቀርቷል። በፍላሽ የሚያዝ የጥቂት መስመር ስክሪፕት፣ ማለትም ለኮምፒውተሩ የሚሰጥ አጭር የትእዛዝ ጽሑፍ፣ ቁጥሩን በሰከንዶች ያወጣዋል።

ጉዳዩ የገንዘብ ጉዳይ ነው። የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ጫናው ደርሶበታል። አዲስ ላፕቶፕ ሲወደድ ገዢ ወደ አሮጌው ይዞራል። ያገለገለ ዕቃ በተፈለገ ቁጥር ደግሞ አካሉ የተቀያየረ፣ ባለቤቱ ያልታወቀ፣ ሰነዱ የጠፋ ዕቃ ወደ ገበያ የሚገባበት በር ይሰፋል።

ስቲከር ይላጣል፣ ማዘርቦርድ ያስታውሳል

ሰሪያል ቁጥሩ በሁለት ቦታ ይገኛል። አንደኛው ከላፕቶፑ ሥር ወይም ከዴስክቶፑ ጎን የተለጠፈው ስቲከር ነው። ይህ በሙቀትና በእጅ ላብ ይፋቃል፤ ከአንዱ ተነቅሎ በሌላው ላይም ይለጠፋል። ደህና ሆኖ ቢገኝ እንኳ የእንግሊዝኛው ኦ ከዜሮ፣ ቢ ከስምንት እየተምታታ መዝገብ ያበላሻል። ሁለተኛው ማዘርቦርዱ ላይ ባለች ትንሽ ቺፕ ውስጥ፣ ኮምፒውተሩ ሲበራ መጀመሪያ የሚነቃው ባዮስ በሚቀመጥበት ሥፍራ የተጻፈው ነው። ይህኛው ዊንዶውስ ጠፍቶ እንደገና ቢጫን፣ ሃርድ ዲስኩም ቢቀየር ባለበት ይቆያል።

ዴል «ሰርቪስ ታግ» የሚለው 7 ፊደላትና አኃዞች ያሉት መለያም ሆነ ኤች ፒና ሌኖቮ ሰሪያል ቁጥር የሚሉት ከዚሁ ቺፕ ይነበባል። ፋብሪካዎቹ መረጃውን የሚያስቀምጡበት ቅርጽ ኤስ.ኤም. ባዮስ በተባለ የጋራ ደረጃ የተወሰነ በመሆኑ አንዱ ስክሪፕት የብዙ ፋብሪካዎችን ዕቃ ለማንበብ ይበቃል።

ስክሪፕቱ እንዴት ይሠራል?

ዊንዶውስ ውስጥ ፓወርሼል የሚባል የትእዛዝ መስኮት አለ። ስክሪፕቱ በዚያ በኩል «ጌት ሲም ኢንስታንስ» በሚለው ትእዛዝ አራት ጥያቄዎች ይጠይቃል። «ዊን 32 ባዮስ» የኮምፒውተሩን፣ «ዊን 32 ቤዝቦርድ» የማዘርቦርዱን፣ «ዊን 32 ዲስክ ድራይቭ» የሃርድ ዲስኩን፣ «ዊን 32 ፊዚካል ሜሞሪ» የራሙን ቁጥር ይመልሳሉ። የመጨረሻው መስመር የተገኘውን ሁሉ ከቀኑ ጋር ፍላሹ ላይ ባለ የሠንጠረዥ ፋይል ግርጌ ይጨምራል። ፍላሹ ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው ሲዞር መዝገቡ በራሱ እያደገ ይሄዳል። ሊኑክስ በተጫነበት ዕቃ ላይ ይህንኑ ሥራ «ዲ.ኤም.አይ. ዲኮድ» የተባለው ትእዛዝ በአስተዳዳሪ ፈቃድ ይሠራዋል።

ባለሙያዎች ለዓመታት የተጠቀሙበት ደብልዩ.ኤም.አይ.ሲ. የተባለ ሌላ አቋራጭ ትእዛዝም አለ። ይሁን እንጂ ማይክሮሶፍት ከአዲሶቹ የዊንዶውስ 11 እትሞች እያወጣው በመሆኑ አሁን ስክሪፕት የሚያስጽፍ ሰው በፓወርሼል ቢያስጽፍ ይሻለዋል። ዊንዶውስ በተለመደው አቀማመጡ የፓወርሼል ፋይል ስለማያስኬድ ፈቃዱን የሚሰጠው መስመር አብሮ መኖር አለበት። ሥራው ከአዲስ አበባ ባለሙያ የሚያስመጣ አይደለም። በነቀምቴ፣ በጊምቢና በሻምቡ ካምፓሶች ያሉት ወለጋ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር የተማረ ወጣት በአንድ ከሰዓት በኋላ ጽፎ ይጨርሰዋል።

መንገዱ ሩቅ ነው

ነቀምቴ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ከዚያ አልፎ ጊምቢ 110 ኪሎ ሜትር ግድም ይጨምራል፤ ደምቢ ዶሎ ደግሞ ከዋና ከተማዋ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። መርካቶ ወይም ፒያሳ ላፕቶፕ የገዛ የአዲስ አበባ ሰው ችግር ቢያገኝ በማግስቱ ተመልሶ ሻጩን ይሞግታል። የወለጋ ገዢ ግን የሚመለሰው የመኪና፣ የአልጋና የምግብ ወጪ ጨምሮ፣ ሱቁንም ዘግቶ ነው። ስለዚህ ቁጥሩ መነበብ ያለበት ዕቃው መኪና ላይ ከመጫኑ በፊት ነው።

ስክሪፕቱ ለአካባቢው የሚመችበት ሌላም ምክንያት አለ፤ ኢንተርኔት አይፈልግም። በ2012 ዓ.ም. በምዕራብ ኦሮሚያ፣ የወለጋ ዞኖችን ጨምሮ፣ ስልክና ኢንተርኔት ለሦስት ወራት ገደማ ተቋርጦ እንደነበር የአካባቢው ነጋዴ አይረሳም። ቁጥሩ የሚነበበው ከራሱ ከዕቃው ስለሆነ ኔትወርክ ኖረ አልኖረ ሥራው አይቆምም። ኢንተርኔት የሚያስፈልገው በኋላ፣ ቁጥሩን በፋብሪካው ድረ ገጽ ላይ ለማመሳከር ነው። ዴል በሰርቪስ ታጉ አማካይነት ዕቃው ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረውን አካልና የተላከበትን ጊዜ ያሳያል። ኤች ፒና ሌኖቮም በሰሪያል ቁጥር የዋስትናውን ዘመን ይነግራሉ። «ዘንድሮ የመጣ ነው» የተባለ ዕቃ ዋስትናው ከስድስት ዓመት በፊት ያለቀ ሆኖ ከተገኘ ዋጋ የመቀነሱ ክርክር እዚያው ያበቃል።

ቁጥር የመሰለ ሁሉ ቁጥር አይደለም

ስክሪፕቱ የሚያወጣውን ሁሉ እንደወረደ መቀበል ግን ያስስታል። በየሱቁ የተገጣጠሙ ዴስክቶፖች ብዙውን ጊዜ በቁጥሩ ቦታ «ቱ ቢ ፊልድ ባይ ኦ.ኢ.ኤም.» የሚል ጽሑፍ ይሰጣሉ። ትርጉሙ አምራቹ ይሙላው ማለት ሲሆን የሞላው የለም። ለእንዲህ ያለው ዕቃ የማዘርቦርዱንና የሃርድ ዲስኩን ቁጥር መያዝ ይሻላል። በታወቀ ፋብሪካ ላፕቶፕ ላይ ይኸው ባዶ ጽሑፍ ከወጣ ወይም የባዮሱ ቁጥር ከስቲከሩ ከተለየ ደግሞ ማዘርቦርዱ ሳይቀየር አልቀረም። መቀየሩ በራሱ ነውር አይደለም፤ ዋጋው ላይ ግን መታየት አለበት።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ሌላው ነገር ዊንዶውስ ለሃርድ ዲስክ የሚሰጠው «ቮልዩም ሰሪያል ነምበር» ነው። ይህ ዲስኩ ፎርማት በተደረገ ቁጥር አዲስ የሚሰጥ በመሆኑ ዕቃውን አይለይም። የዊንዶውስ የምርት ቁጥርም የፕሮግራሙ እንጂ የዕቃው አይደለም። የኔትወርክ ካርድ አድራሻ በቀላሉ ይቀየራል። የባዮሱ ቁጥርም ቢሆን በፋብሪካው የጥገና ፕሮግራም ሊጻፍ ስለሚችል ብቻውን የመጨረሻ ማስረጃ አይሆንም። ስቲከሩ፣ ባዮሱና የፋብሪካው ድረ ገጽ ሦስቱም አንድ ሲናገሩ ነው ገዢ ልቡን የሚጥለው።

ስክሪፕቱ የማያየው ወጥመድም አለ። ከውጭ አገር ድርጅቶች የወጡ አንዳንድ ላፕቶፖች ዊንዶውስ አውቶፓይለት በተባለው የማይክሮሶፍት አሠራር ተመዝግበው ይቆያሉ። እንዲህ ያለው ዕቃ ዊንዶውሱ እንደገና ሲጫንና ኢንተርኔት ሲያገኝ የቀድሞውን ድርጅት የይለፍ ስም ይጠይቃል። ሻጩ ዘንድ ኢንተርኔት ሳይነካ የተፈተሸ ላፕቶፕ ነቀምቴ ደርሶ ሊቆለፍ ይችላል። ከክፍያ በፊት ዊንዶውሱን አስጠርጎ፣ ኢንተርኔት አስነክቶ ማየት የአንድ ሰዓት ሥራ ነው።

ላም አለኝ በሰማይ

ቁጥሩ ከገዢ ይልቅ የሚያስፈልገው ብዙ ኮምፒውተር ላለው ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ዕቃ በሞዴል 19 ገቢ ይሆናል፣ በሞዴል 22 ወጪ ሆኖ ለሠራተኛ ይሰጣል። ወረቀቱ ላይ «ላፕቶፕ፣ 1» ተብሎ ብቻ ከተጻፈ ሠራተኛው ሲዛወር አዲሱን ወስዶ አሮጌውን ቢመልስ ንብረት ክፍሉ ምን ብሎ ይሟገታል? በመዝገብ አለ፣ በእጅ ግን ሌላ ነው፤ ላም አለኝ በሰማይ ይሉት ዓይነት ነው። የግል ኮሌጅ፣ የቡና ላኪ ቢሮ፣ ሆቴል፣ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤትም ከዚህ አያመልጡም።

ጥገና ሌላው ቀዳዳ ነው። ባለ 8 ጊጋ ባይት ራም ሆኖ የወጣ ኮምፒውተር በባለ 4 ተመልሶ ቢመጣ ከውጭ ሲታይ ያው ነው፤ የሚታወቀው ሲዘገይ ነው። ስክሪፕቱ ዕቃው ለጥገና ከመውጣቱ በፊት አንድ ጊዜ፣ ሲመለስ አንድ ጊዜ ከተካሄደ የራሙና የሃርድ ዲስኩ ቁጥሮች ጎን ለጎን ሆነው ይታያሉ። ይህ ለሐቀኛው ጠጋኝም ይበጀዋል፤ ያላነሳውን ዕቃ አነሳህ ከመባል ያድነዋል።

በቆጠራው ላይ ሁለት ጥንቃቄ ያስፈልጋል። መጀመሪያ፣ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር የሚዞር ፍላሽ ቫይረስም ያዞራልና በየመሐሉ ይፈተሽ። ቀጥሎ፣ ፋይሉ በኤክሴል ሲከፈት በአኃዞች መካከል የእንግሊዝኛው ኢ ያለበትን ቁጥር እንደ ሒሳብ ቆጥሮ ይለውጠዋል፤ ፊት ያለ ዜሮንም ይጥላል። ዓምዱ አስቀድሞ ጽሑፍ ተብሎ ካልተሰየመ ትክክል የተነበበው ቁጥር መዝገብ ላይ ይሳሳታል።

ለሻጭም ለደላላም

የሞባይል ገበያ ይህን ነገር ቀድሞ ቀምሶታል። ኢትዮ ቴሌኮም በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ ቀፎዎችን አይ.ኤም.ኢ.አይ. በተባለው ቁጥራቸው መመዝገብ ጀምሮ ነበር። አሠራሩ ብዙ ሳይቆይ ቢቀርም ገዢው ኮከብ፣ መሰላል፣ 06፣ መሰላል ነክቶ ቁጥር ማየትን ለመደ። ለኮምፒውተር ግን መዝገቡ የነጋዴው ደብተር ነው።

ሕጉም ቸልተኛውን ዝም ብሎ አያልፈውም። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ የወንጀል ፍሬ መሆኑን እያወቀ ዕቃ የሚገዛን ሰው ይቀጣል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግም የተሰረቀበት ባለቤት ዕቃውን መልሶ የሚጠይቅበትን መንገድ ከፍቷል። ሰሪያል ቁጥሩን በሽያጭ ውሉና በደረሰኙ ላይ ያሰፈረ ሻጭ ከማን እንደገዛና ለማን እንደሸጠ ማሳየት ይችላል። ኮሚሽኑን ተቀብሎ የሚሄድ ደላላም ስሙ አብሮ እንዳይነሳ ይህ ወረቀት ይከላከልለታል።

ብድር ለሚፈልግም ቁጥሩ ዋጋ አለው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የተንቀሳቃሽ ንብረት የዋስትና መብት አዋጅ ቁጥር 1147 የቢሮ መሣሪያን የመሰለ ንብረት ለብድር መያዣ የሚሆንበትን መንገድ ከፍቷል። መያዣ የሚሆነው ደግሞ ተለይቶ ሊታወቅ የሚችል ዕቃ ነው። ሠላሳ ኮምፒውተር ያለው የሥልጠና ማዕከል ሠላሳ ቁጥሮች የያዘ ዝርዝር ይዞ ባንክ ቢቀርብ «ሠላሳ ኮምፒውተር አለኝ» ካለው ጎረቤቱ ይልቅ ቃሉ ይከብዳል።

የመንግሥት በጀት ዓመት ሰኔ 30 ይዘጋል፤ የንብረት ቆጠራው ግርግርም ያኔ ነው። ስክሪፕቱን አስቀድሞ አስጽፎ፣ ዝርዝሩን አትሞ፣ በፊርማና በማኅተም ያስቀመጠ መሥሪያ ቤት ቆጠራውን ከሁለት ዝርዝሮች ማመሳከር ወደማይበልጥ ሥራ ያወርደዋል። ለነጋዴውም ወጪው አንድ ፍላሽና አንድ ደብተር ነው። ደብተሩ መሞላት ያለበት ግን ዕቃው ገና ሻጩ ጠረጴዛ ላይ፣ ብሩም ገና ገዢው ኪስ ውስጥ ሳለ ነው።