ቁጥሩን የማይናገር ስም

«ጋሼ፣ ካልሲየም ክሎራይድ ውስጥ ክሎሪኑ ስንት ነው? ስሙ ላይ እኮ የለም!»

የጠየቀችኝ ኤቨረት የምትኖር የጎጃም ልጅ ናት። ኤቨረት ከሲያትል ወደ ሰሜን አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በባሕር ዳርቻ ያለች የወደብና የፋብሪካ ከተማ ነች። ልጅቷ ሌሊት አረጋውያን ትንከባከባለች፤ ቀን ለነርሲንግ ትምህርት ትዘጋጃለች። በዋሽንግተን ስቴት ኮሌጆች ነርስ ለመሆን የሚያስብ ሰው በር ላይ ከሚያገኛቸው ትምህርቶች አንዱ ኬሚስትሪ 121 ነው። እዚያ ውስጥ ደግሞ ብዙ ሰው የሚያደናቅፈው የአዮናዊ ውህዶች ስምና ፎርሙላ ነው። እሷም ከዚያው ላይ ደርሳለች።

ጥያቄዋ የዋዛ አይደለም። ካልሲየም ክሎራይድ ውስጥ ሁለት ክሎሪን አለ። ስሙ ግን ዝም ይላል፤ ዝም የሚለውም ቁጥሩ በስሌት ስለሚገኝ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንደ ካልሲየም ያሉ ብረታማ ንጥረ ነገሮች ኤሌክትሮን ይሰጣሉ፤ እንደ ክሎሪን ያሉ ኢብረታማዎች ይወስዳሉ። የሰጠው ፖዘቲቭ፣ የወሰደው ኔጌቲቭ ይሆናል፤ ያኔ ሁለቱም አዮን ይባላሉ። ካልሲየም ሲሰጥ ሁለት ነው የሚሰጠው። ክሎሪን አንድ ከወሰደ በቃኝ ባይ ነው። ስለዚህ የካልሲየምን ሁለተኛ ኤሌክትሮን የሚወስድ ሌላ ክሎሪን መምጣት አለበት። እንደ ባለሱቅ የዱቤ ደብተር ነው፤ የተሰጠውና የተወሰደው ተቀናንሶ ዜሮ ካልገባ ገጹ አይዘጋም። ፎርሙላው ሲጻፍ ካልሲየም አንድ፣ ክሎሪን ሁለት፤ ክፍል ውስጥ ሲነበብ «ሲኤ ሲኤል ቱ»።

የስሙ ሕግ ከዚህ ይቀላል። ሰጪው ይቀድማል፣ ስሙም አይነካም። ተቀባዩ ይከተላል፤ ራሱን ይዞ ጅራቱን በ«አይድ» ይቀይራል። ክሎሪን ክሎራይድ፣ ኦክስጅን ኦክሳይድ፣ ሰልፈር ሰልፋይድ ይሆናል። የጥርስ ሳሙናው ቱቦ ላይ የተጻፈው ሶዲየም ፍሎራይድም በዚሁ ሕግ ፍሎሪን የነበረ ነው።

ከፍ ያለ ምሳሌ ከፈለጋችሁ የከተማዋን ትልቁን ፋብሪካ ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1967 የተከፈተው የቦይንግ ፋብሪካ በይዘቱ የዓለም ትልቁ ሕንፃ ነው፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ 777 አውሮፕላኖች የተገጣጠሙትም እዚያው ነው። የ777 አካል በአብዛኛው የአሉሚኒየም ቅይጥ ነው፤ አሉሚኒየም ደግሞ አየር በነካው ቅጽበት ስስ የኦክሳይድ ቆዳ ይለብሳል፣ ያ ቆዳም የውስጡን ብረት ይጠብቀዋል። አሉሚኒየም ሦስት ይሰጣል፤ ኦክስጅን ሁለት ይወስዳል። ሦስትና ሁለት የሚገናኙት ስድስት ላይ ነው፤ ሁለት አሉሚኒየም ስድስት ይሰጣሉ፣ ሦስት ኦክስጅን ስድስት ይወስዳሉ። «ኤኤል ቱ ኦ ስሪ»።

ተማሪዎች አቋራጭ አላቸው፤ የአንዱን ቁጥር አውርደው ለሌላው ይሰጡታል፣ በመስቀለኛ። ለአሉሚኒየም ይሠራል። ማግኒዚየም ኦክሳይድ ላይ ግን ያሳስታል። ሁለቱም ሁለት ሁለት ስለሆኑ «ሁለት ለሁለት» ተብሎ ይጻፋል፤ መጻፍ ያለበት ግን አንድ ለአንድ ነው። እኔ አቋራጩን አልወደውም። እጅን ያስለምዳል እንጂ ለምን እንደሆነ አያስተምርም።

አንድ ለአንድ የሚሆነው ለምን እንደሆነ ያስረዳኋት በአሞሌ ነው። ከአፋር በረሃ ተቆርጦ በግመል የሚወጣው፣ አያቶቻችን እንደ ገንዘብ የተገበያዩበት አሞሌ፣ ሶዲየም ክሎራይድ ነው። ውስጡ «ይህ ሶዲየም የዚህ ክሎሪን ነው» የሚባል ጥንድ የለም። እያንዳንዱ ሶዲየም በስድስት ክሎራይድ ተከቧል፣ እያንዳንዱ ክሎራይድም በስድስት ሶዲየም፤ እንዲህ እየተደረደሩ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ይሄዳሉ። ስለዚህ ፎርሙላው የሚነግረን ስንት ለስንት እንደሆኑ ብቻ ነው። ሚሊዮን ለሚሊዮንም ያው አንድ ለአንድ ነው። (የሶዲየም ምልክት «ኤንኤ» የሆነው ናትሪየም ከሚለው ስሙ ነው፤ ናትሪየምም የመጣው ናትሮን ከሚባለው የግብፅ ጨው ነው። ናትሮን የሚዛቅበት ሸለቆ ስንክሳር የሚያውቅ ሰው የሚያውቀው፣ ገዳመ አስቄጥስ ያለበት ነው።)

ስሙ ቁጥር የሚናገርበት ጊዜም አለ፤ ለዚህ የኤቨረት መሬት ራሱ ምስክር ነው። በከተማዋ ሰሜን ምሥራቅ እ.ኤ.አ. ከ1894 እስከ 1912 የማዕድን ማቅለጫ ነበር፤ በኋላ አሳርኮ የተባለው ኩባንያ ገዝቶታል። ከሚያወጣቸው ነገሮች አንዱ አርሰኒክ ነበር። ማቅለጫው ፈርሶ ተረሳ፤ በላዩ ሰፈር ተሠራ። እ.ኤ.አ. በ1990 ቅሪቱ ከመኖሪያ ቤቶች ግቢ ተገኘና የስቴቱ መንግሥት ለዓመታት አፈር ሲያስቆፍር ኖረ። የዚያ መርዝ ስም አርሰኒክ ትራይኦክሳይድ ነው። «ትራይ» ሦስት ማለት ነው። ታዲያ ካልሲየም ክሎራይድ ቁጥሩን ሲሸሽግ ይህኛው ለምን ተናገረ? አርሰኒክና ኦክስጅን ኤሌክትሮን ይጋራሉ እንጂ እንደ ካልሲየምና ክሎሪን አይሰጣጡም። የሚዘጋ የዱቤ ሒሳብ ስለሌለ ቁጥሩን ከስሙ ብቻ አስልቶ ማግኘት አይቻልም፤ ስለዚህ ስሙ ራሱ ተሸክሞት ይዞራል።

አሁን ወደ ልጅቷ ኩሽና እንግባ። ምድጃው አጠገብ የጨው ዕቃ፣ ከመታጠቢያው ሥር የበረኪና ጠርሙስ አለ። ሁለቱን ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። ጨው ሶዲየም ክሎራይድ፣ በረኪና ሶዲየም ሃይፖክሎራይት። በፎርሙላ የሚለያዩት በአንዲት ኦክስጅን ነው። አንዱ ወጥ ያጣፍጣል፣ ሌላው የነጠላውን ጥለት ያጠፋል።

እዚህ ላይ የጅራት ጉዳይ ይከብዳል። አንዳንድ አዮኖች ብዙ አቶሞች አንድ ላይ ተያይዘው እንደ አንድ ሰው የሚንቀሳቀሱ ናቸው፤ አብዛኞቹ ኦክስጅን ይዘዋል። ኦክስጅኑ በዛ ሲል «ኤት»፣ በአንድ ሲያንስ «አይት» ይላሉ። ሰልፌት አራት ኦክስጅን አለው፣ ሰልፋይት ሦስት። ናይትሬት ግን ሦስት ነው፣ ናይትራይት ሁለት፤ ስለዚህ «ኤት ማለት አራት ነው» ብሎ ማለፍ አይቻልም፣ መሸምደድ ግድ ነው። ክሎሪን ደግሞ ቤተሰቡ ሰፊ ነው፤ ሃይፖክሎራይት፣ ክሎራይት፣ ክሎሬት፣ ፐርክሎሬት፣ ከአንድ ኦክስጅን እስከ አራት። ደግነቱ አራቱም እንደ ክሎራይድ አንድ ሶዲየም ብቻ ነው የሚፈልጉት። ለአማርኛ ጆሮ «አይድ»፣ «አይት»፣ «ኤት» በፍጥነት ሲነገሩ ይምታታሉ። እኛ ግን «አለ» ላልቶ ሲነበብ ተናገረ፣ ጠብቆ ሲነበብ ኖረ እንደሆነ ሳንጨነቅ የምንለይ ሰዎች ነን፤ ጆሮው ይለምዳል።

ከሁሉም በላይ ያከራከረን የብረት እንክብል ነው። ሐኪም ያዘዘላት ጠርሙስ «ፌረስ ሰልፌት» ይላል፤ መጽሐፏ ያንኑ ነገር «አይረን» ብሎ በቅንፍ የሮማ ሁለት ይጨምርና «ሰልፌት» ይላል። «ይኸው፣ ብረቱ ሁለት ነው!» አለች። አይደለም። ብረት አንዳንዴ ሁለት፣ አንዳንዴ ሦስት ኤሌክትሮን ይሰጣል፤ በቅንፍ ያለው ቁጥር የሚለው «በዚህ ውህድ ውስጥ እያንዳንዱ ብረት ሁለት ሰጥቷል» ነው። ሰልፌት የሚወስደው ሁለት ስለሆነ አንድ ለአንድ ይበቃል። ይህን አጻጻፍ እ.ኤ.አ. በ1919 ያቀረበው ጀርመናዊው አልፍሬድ ስቶክ ነው። ከእሱ በፊት ሰዉ «ፌረስ» ለሁለቱ፣ «ፌሪክ» ለሦስቱ ይል ነበር፤ መድኃኒት ቤት እስከ ዛሬ በአሮጌው ስም ይጣራል። ነርስ የምትሆን ሰው ሁለቱንም ማወቅ አለባት። ዝገትስ? የሮማ ሦስቱ አይረን ኦክሳይድ፤ እንደ አሉሚኒየሙ ሁለት ለሦስት፣ ከጥቂት ውሃ ጋር።

ልንጨርስ ስንል ትዝ አላት። «አባቴ በየክረምቱ የሚገዛው ዳፕስ?»

ዳፕ የእንግሊዝኛ ስም ምሕፃር ነው፤ ሲፈታ ዳይአሞኒየም ፎስፌት ይሆናል። «ዳይ» ሁለት ነው፤ ስለዚህ «ያው ቁጥር አለበት፣ ሕጉ ፈረሰ» ብላ ሳቀችብኝ። ይህ የማዳበሪያ ነጋዴ ስም ነው። ክፍል ውስጥ አሞኒየም ሃይድሮጅን ፎስፌት ይባላል፤ የአሞኒየሙን ቁጥር ማንም አይነግርሽም። አሞኒየም አንድ ናይትሮጅንና አራት ሃይድሮጅን ያለው፣ ብረት ሳይሆን የብረትን ቦታ የያዘ አዮን ነው፤ የሚያዋጣው አንድ ነው። ሃይድሮጅን ፎስፌት ሁለት ይፈልጋል። እስክሪብቶዋን አነሳች። «ኤንኤች ፎር» ጻፈች፣ ሁለት መሆኑን አሰላችና ከአራቷ ጎን ሁለትን ለጠፈች።

«አሁን አርባ ሁለት ሃይድሮጅን ሆነ» አልኳት።

ወረቀቱን ትንሽ አየችው። ከዚያ «ኤንኤች ፎር»ን በሙሉ በቅንፍ አሰረችና ሁለቷን ከቅንፉ ውጭ፣ ከመስመሩ ዝቅ አድርጋ አስቀመጠቻት።