አደጋ ሲደርስ ማን፣ መቼ፣ ምን ይናገር? የበረራ ቁጥር 302 የሕዝብ ግንኙነት ልምድ

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ38 ደቂቃ ከቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ማክስ 8 አውሮፕላን ከ6 ደቂቃ በኋላ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ የ35 አገራት ዜጎች የሆኑ 157 ሰዎች ሕይወታቸውን ማጣታቸው ይታወሳል። አደጋው ከቴክኒካዊ ምርመራው ባሻገር በአገራችን ለሕዝብ ግንኙነት ሥራ ከባድ ፈተና ሆኖ አልፏል።

በብዙ ድርጅቶችና መሥሪያ ቤቶች የሕዝብ ግንኙነት ክፍል የሚታወሰው ለምረቃ በዓል፣ ለዐውደ ርዕይና ለመጽሔት ዝግጅት ነው። ኃላፊው የሥራ አመራር ስብሰባ ላይ ሳይገኝ ውሎ፣ ችግር ሲፈጠር ግን መግለጫ እንዲጽፍ ይጠራል። የቦሌው ልምድ ይህ አሠራር ለምን እንደማያዋጣ ያሳያል።

በዕለቱ አብዛኛው ሕዝብ አደጋውን አስቀድሞ የሰማው ከጠቅላይ ሚኒስትር ጽሕፈት ቤት የኀዘን መግለጫ ነበር። የአየር መንገዱ የመጀመሪያ መግለጫ በአንጻሩ የበረራውን ቁጥር፣ የመነሻውን ሰዓትና ግንኙነቱ የተቋረጠበትን ደቂቃ ከዘረዘረ በኋላ፣ በሕይወት ስለተረፉትም ሆነ ስለ ሞቱት የተረጋገጠ መረጃ እንደሌለው አስታውቋል። ያልተረጋገጠውን አለማረጋገጡ ትክክል ነበር። ኀዘን ከተገለጸ በኋላ የደረሰ በመሆኑ ግን ቤተሰብን ለተጨማሪ ጭንቀት ሳይዳርግ አልቀረም። የመንግሥት ጽሕፈት ቤቶችና የልማት ድርጅቶች መግለጫ ከመውጣቱ በፊት በስልክ መነጋገር የሚኖርባቸው ስለዚህ ነው።

ቀጥሎ የተደረገው ብዙ ተጠቅሷል። የወቅቱ ዋና ሥራ አስፈፃሚ አቶ ተወልደ ገብረማርያም አደጋው ወደ ደረሰበት ሥፍራ አምርተው በስብርባሪው መካከል ቆመው የሚታዩበት ፎቶግራፍ ተሠራጨ፤ የተረፈ ሰው አለመኖሩም ከዚያው ተገለጸ። ሥራ አስፈፃሚው ከቢሮአቸው ሆነው ያንኑ ቃል ቢናገሩ ኖሮ የሚኖረው ክብደት ሌላ ነበር። አየር መንገዱ የቀሩትን ማክስ አውሮፕላኖች ከአገልግሎት ማገዱንም በማግስቱ አሳወቀ። የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ተመሳሳይ እርምጃ የወሰደው መጋቢት 4 ቀን ነበር።

ስለ አደጋው መንስኤ ግን አየር መንገዱ ፍርድ የመስጠት ሥልጣን አልነበረውም። በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ስምምነት 13ኛ አባሪ መሠረት ምርመራው አደጋው የደረሰበት አገር መንግሥት ኃላፊነት ሲሆን፣ የመጀመሪያ ደረጃ ሪፖርት በ30 ቀናት ውስጥ ይጠበቃል። የወቅቱ የትራንስፖርት ሚኒስትር ወይዘሮ ዳግማዊት ሞገስ ሪፖርቱን መጋቢት 26 ቀን ይፋ አድርገዋል፤ አብራሪዎቹ አምራቹ ያወጣውን የአሠራር ሥርዓት ደጋግመው ቢፈጽሙም አውሮፕላኑን መቆጣጠር አለመቻላቸውን ገልጸዋል። ድርጅቱ ስለ መንገደኞቹና ስለ አገልግሎቱ፣ መርማሪው አካል ስለ መንስኤው የሚናገሩበት ይህ ክፍፍል በፋብሪካ፣ በሆቴልና በባንክ ለሚደርስ አደጋም የሚሠራ ነው።

እስከዚያ ድረስ ዝም ማለት ግን አይቻልም ነበር። ኒው ዮርክ ታይምስ የአብራሪውን ሥልጠና አስመልክቶ ጥያቄ የሚያነሣ ዘገባ ሲያወጣ፣ አየር መንገዱ አብራሪዎቹ በአምራቹ የተመከረውንና በአሜሪካ ተቆጣጣሪ የጸደቀውን ሥልጠና መውሰዳቸውን፣ የማክስ ምስለ በረራም ቢሆን የኤምካስን ችግር እንዲያሳይ አለመሠራቱን ጠቅሶ መልሷል። ዘገባው የቀረበበትን ነጥብ ለይቶ በማስረጃ መመለስ ጋዜጣውን በጅምላ ከመውቀስ የተሻለ መሆኑ በዚህ ታይቷል።

የቦይንግ አካሄድ የተለየ ነበር። ጥቅምት 19 ቀን 2011 ዓ.ም በኢንዶኔዥያ የላየን ኤር አውሮፕላን ወድቆ 189 ሰዎች ካለቁ በኋላም ኩባንያው በአውሮፕላኑ ላይ ሙሉ እምነት እንዳለው ሲደጋግም ቆይቶ፣ ኤምካስ በሁለቱም አደጋዎች በተሳሳተ መረጃ መነሣሣቱን ያመነው የኢትዮጵያ ሪፖርት በወጣበት ዕለት ነው። ዋና ሥራ አስፈፃሚው ዴኒስ ሙለንበርግ በዚያው ዓመት መጨረሻ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከኃላፊነት ተነሥተዋል።

ክርክሩ በዚህ አልተቋጨም። በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም የወጣውን የመጨረሻ ሪፖርት ተከትሎ የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ የኤምካስን ሚና ቢቀበልም፣ የአብራሪዎቹ ሚና በበቂ ሁኔታ አልታየም ሲል አስተያየት ሰጥቷል።

ለመገናኛ ብዙኃን በተሰጠው መረጃና ለቤተሰቦች በደረሰው መካከል የነበረው ልዩነት ግን እምብዛም አይነሣም። በናይሮቢ ጆሞ ኬንያታ አውሮፕላን ማረፊያ ዘመድ ሲጠብቁ ከነበሩት መካከል አደጋውን ከዜናና ከማኅበራዊ መገናኛ የሰሙ እንደነበሩ በወቅቱ ተዘግቧል። ማንነቱ ያልተለየ አስከሬን ኅዳር 4 ቀን 2012 ዓ.ም በአደጋው ሥፍራ ሲቀበርም፣ ከልዩ ልዩ አገራት መምጣት የነበረባቸው ቤተሰቦች የተነገራቸው ሁለት ቀን ያህል ሲቀር መሆኑን በመግለጽ ቅሬታ አሰምተዋል።