ልጃችሁ ያነበበውን ይንገራችሁ

በማስተምርበት ቀበሌ የከብት ክትባት ማስታወቂያ ተለጥፎ ነበር። አንድ አባት የሦስተኛ ክፍል ተማሪ የሆነውን ልጃቸውን «እስቲ አንብብልኝ» አሉት። ልጁም ሳይደናቀፍ አነበበው። ጽሑፉ «ከሐሙስ በስተቀር ዘወትር ጠዋት ከብት ይከተባል» ይላል። «ታዲያ መቼ ነው?» ቢሉት «ሐሙስ» አለ። አባትየውም ሐሙስ ጠዋት በሬዎቻቸውን እየነዱ የሁለት ሰዓት መንገድ ሄዱ። ያገኙት የተዘጋ በር ነው።

ልጁ አንድም ፊደል አልሳተም። «በስተቀር» የምትለዋ ቃል ግን አልገባችውም። በትምህርት ቤት ፈተና ላይ የሚጥለውም ይኸው ነው። በፈተናው አጭር ጽሑፍ ይሰጠዋል፤ ይህም ምንባብ ይባላል። ከሥሩ ጥያቄዎች አሉ። ጥያቄዎቹ የሚመረምሩት ያነበበው ገብቶት እንደሆነ ነው። አፉ ቢፈጥን ነጥብ አያገኝበትም።

ችግሩ የአንድ ልጅ ብቻ አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በአገራችን የሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች የማንበብ ችሎታ ተመርምሮ ነበር። ከ100 ልጆች 34ቱ ከተሰጣቸው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ማንበብ ከቻሉትም መካከል የታሪኩን ጥያቄ መመለስ ያቃታቸው ነበሩ።

«እኛ ራሳችን ትናንት ፊደል የቆጠርን፣ ልጅ እንዴት እናስጠናለን?» የሚሉ ወላጆች አሉ። ትችላላችሁ እኮ! ጆሮ ካላችሁ ይበቃል።

ልጁ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያነብ አዳምጡት። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይቶ አያሳይም። «ጅብ አህያ ይበላል» ስንል ቃሉ ላልቶ ይነበባል። «ሽሮ በእንጀራ ይበላል» ስንል ግን ይጠብቃል። ጽሕፈቱ አንድ ነው። «ገና»ም እንዲሁ ነው፤ በዓሉ ሲሆን ይጠብቃል፣ «ገና አልመጣም» ሲባል ይላላል። ትክክለኛውን የሚለየው ሐሳቡን የተከተለ ልጅ ነው። ስለዚህ ሊያላላ የሚገባውን ሲያጠብቅ ብትሰሙ፣ ሐሳቡ አምልጦታል ማለት ነው። አስቁሙትና ዓረፍተ ነገሩን ከመጀመሪያው ይድገመው።

ከዚያ በኋላ ጠይቁት። ይህችን አጭር ምንባብ እንመልከት፦

«አልማዝ ከወንዝ ውኃ ቀድታ ስትመለስ ሰማዩ ጠቆረ። ጠዋት ደጅ ያሰጣችው በርበሬ ትዝ አላት። እንሥራዋን እንዳዘለች እርምጃዋን አፈጠነች።»

«አልማዝ ከየት ትመለስ ነበር?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ እዚያው ተጽፏል፤ ልጁ በጣቱ ሊያሳያችሁ ይችላል። «ለምን እርምጃዋን አፈጠነች?» የሚለው ግን ይከብዳል። «ዝናብ» የሚል ቃል በምንባቡ ውስጥ የለም። ልጁ የጠቆረውን ሰማይና የተሰጣውን በርበሬ በሐሳቡ ማገናኘት አለበት። ብዙ ልጆች «ውኃ ስለቀዳች» ብለው ይመልሳሉ፤ ያዩትን ቃል መገልበጣቸው ነው። እኔም ተማሪ ሳለሁ በእንዲህ ያለው ጥያቄ ብዙ ነጥብ ጥያለሁ። እዚህ ላይ መልሱን አትንገሩት። «በርበሬ ዝናብ ቢመታው ምን ይሆናል?» በሉት። ይህን ደግሞ ከከተማ ሰው ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ።

በመጨረሻም መጽሐፉን ከድኖ ታሪኩን በራሱ አነጋገር ይንገራችሁ። ቃል በቃል ከወረደው ምናልባት ሸምድዶት ይሆናል። «አንዲት ልጅ በርበሬዋ እንዳይበሰብስባት ቸኮለች» ካለ ግን ገብቶታል። ቢሳሳት አትቆጡት፤ የተመታ ልጅ በማግስቱ መጽሐፉን ይደብቃል።

በፈተናው ቀን ጥያቄዎቹን አስቀድሞ ቢያያቸው፣ ከዚያም ምንባቡን ሁለት ጊዜ ቢያነብ ይበጃል ባይ ነኝ። «ብቻ»፣ «በስተቀር»፣ «በፊት»፣ «ያልሆነው የትኛው ነው» የሚሉትን ሲያገኝ ቆም ይበል። ትንንሽ ቃላት ናቸው፤ መልሱን ግን ይገለብጡታል።

መጽሐፍ ከሌላችሁ የማዳበሪያ ጆንያ ላይ ያለው ጽሑፍ፣ የመድኃኒት ወረቀት፣ የቀበሌ ማስታወቂያ ሁሉ ምንባብ ነው። ማታ ከእራት በኋላ ጥቂት ደቂቃ ይበቃል።

የእኒያ አባት በሬዎች በማግስቱ ዓርብ ተከተቡ። እየነዳ የወሰዳቸው ልጁ ነው። ከመሄዱ በፊት ግን አባቱ ማስታወቂያውን እንደገና አስነበቡትና «በል እንግዲህ፣ በየትኞቹ ቀናት ነው በሩ የሚከፈተው?» ብለው አንድ በአንድ አስቆጠሩት።