አባት በልጁ ዓይን ሲታይ
ስለ አራት ሲኒማዎች

ወደ ሲኒማ ቤት አዘውትሮ የሚሄድ ሰው ያየውን ሁሉ በልቡ አያኖርም፤ ብዙው መብራቱ በበራ ጊዜ ይረሳል። እኛም ከተመለከትናቸው መካከል ለቤተ ሰብ ገጽ አንባቢዎቻችን የመረጥናቸው አራት ናቸው። በአገርም፥ በዘመንም፥ በአሠራርም እጅግ የተለያዩ ሲሆኑ፥ በአራቱም ውስጥ ታላቁ ሰው በታናሹ ዓይን ፊት ቆሞ ይታያል። ዓመቶቹን የጻፍናቸው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

የመጀመሪያው ቻርሊ ቻፕሊን በ1921 ያወጣው «ሕፃኑ» የተባለው ድምፅ የሌለው ሲኒማ ነው። አንድ ድኻ መስታወት ገጣሚ በመንገድ ተጥሎ ያገኘውን ሕፃን ያሳድጋል። ልጁ ቀድሞ እየሄደ የሰውን መስኮት በድንጋይ ይሰብራል፤ አሳዳጊውም መስታወቱን በጀርባው ተሸክሞ፥ ምንም እንዳላወቀ ሰው ከኋላ ይደርሳል። በዚህ የማይስቅ ማን ነው? ነገር ግን የሙት ልጆች ማሳደጊያ ሰዎች ሕፃኑን ነጥቀው በመኪና ሲጭኑት፥ እርሱም እጁን ዘርግቶ ሲያለቅስ፥ ሳቁ በአፍ ላይ ይደርቃል። ቻፕሊን ራሱ በ7 ዓመቱ በሎንዶን ወደ ድኾች መጠጊያ ቤት የገባ ልጅ ነበረና ይህን በወሬ ያወቀው አይደለም። በመጨረሻው አጠገብ ያለው የመላእክት ሕልም ግን ከነገሩ ጋራ የማይስማማ ሆኖ ታየን። ሕፃኑን ሆኖ የሠራው ጃኪ ኩጋን፥ ካደገ በኋላ በልጅነቱ ያገኘው ገንዘብ በእናቱና በእንጀራ አባቱ እጅ እንዳለቀ አይቶ በ1938 ከሰሳቸው፤ በ1939ም በካሊፎርኒያ የሕፃናት ተዋንያንን ገንዘብ የሚጠብቅ ሕግ ወጣ፤ እስከ ዛሬም በስሙ ይጠራል።

ከሁሉ ይልቅ ወደ ልባችን የገባው ቪቶሪዮ ዴ ሲካ በ1948 በሮማ ከተማ የሠራው «የቢስክሌት ሌቦች» ነው። አንቶኒዮ የሚባል ሥራ ያጣ ሰው በግድግዳ ላይ ማስታወቂያ የመለጠፍ ሥራ ያገኛል፤ ቢስክሌት ከሌለው ግን ሥራው ለሌላ ይሰጣል። ቢስክሌቱ በመያዣ ተይዞ ስለ ነበረ፥ ሚስቱ የአልጋዋን አንሶላ ገፋ አስይዛ ታስለቅቅለታለች። የመያዣ ቤቱ ሠራተኛ ያንን አንሶላ ተሸክሞ ወጥቶ፥ ከፍ ብሎ በተከመረው በሌሎች ድኾች አንሶላ ላይ ሲያኖረው፥ አንድ ቃል ሳይነገር የከተማው ኑሮ ይገለጣል። ቢስክሌቱም በመጀመሪያው የሥራ ቀን ይሰረቃል።

አባትና ትንሹ ልጁ ብሩኖ እሑድን ሙሉ ሲፈልጉት ይውላሉ። አባት ተበሳጭቶ ልጁን በጥፊ ይመታዋል፤ ደግሞ አዝኖለት ከምግብ ቤት አስገብቶ ያበላዋል። በመጨረሻ ተስፋ ቈርጦ፥ ልጁን በትራምዌይ ሂድ ብሎ አሰናብቶ፥ የሰው ቢስክሌት ሰርቆ ይሸሻል፤ ወዲያውም ይያዛል። ልጁ ግን ትራምዌዩ አምልጦት ሁሉን አይቷል። ሰዎቹ አባቱን ሲመቱትና ሲሰድቡት እያለቀሰ ይሮጣል፤ የወደቀውን ባርኔጣ አንሥቶ በእጁ ያራግፈዋል። ባለ ቢስክሌቱም ልጁን አይቶ አባቱን ይተወዋል። ብሩኖ ምንም አይናገርም፤ እጁን በአባቱ እጅ ውስጥ ያገባል እንጂ። አባት ልጁን ሲምር በብዙ ሲኒማ አይተናል፤ ልጅ አባቱን ሲምር ግን እንደዚህ ያለ አላየንም። ይህ ለሕፃናት ይከብዳል የሚሉ አሉ። ከልጆቹ ጋራ ተቀምጦ ያየ እንደ ሆነ ግን፥ ወደ ጐን ዘወር ብሎ እነርሱን ማየት የሚከብደው አባትየው ይመስለናል።

ያሱጂሮ ኦዙ በ1953 የሠራው «የቶኪዮ ታሪክ» ጩኸትም ሩጫም የሌለበት ስለ ሆነ ለቸኰለ ሰው አይሆንም። ካሜራው ከወለል ላይ እንደ ተቀመጠ ሰው ዝቅ ብሎ ይመለከታል፤ በርጩማ ላይ ተቀምጦ መጨዋወት ለለመደ ግን ከፍታው እንግዳ አይሆንበትም። ባልና ሚስት ሽማግሎች ከኦኖሚቺ ተነሥተው ልጆቻቸውን ለመጠየቅ ወደ ቶኪዮ ይሄዳሉ። ወንድ ልጃቸው ሐኪም ነው፤ ሴቲቱም የጠጕር ማሳመሪያ ቤት አላት፤ ለሁለቱም ሥራ በዝቶባቸዋል። ዕረፍት ይሁንላቸው ብለው ወደ አታሚ ፍል ውሃ ይልኳቸዋል፤ በዚያም ከጫጫታው የተነሣ እንቅልፍ ያጣሉ። ከሥራዋ ፈቃድ ጠይቃ ከተማውን የምታሳያቸው በጦርነት የሞተው ልጃቸው ሚስት ኖሪኮ ናት። እናቲቱ ሞታ በተቀበረችበት ቀን ሴት ልጅዋ በማዕድ ላይ ሳለች የእናትዋን ልብስ ለማስታወሻ ትጠይቃለች። ክፉ ሰው አይደለችም፤ የሚያስደነግጠውም ይህ ነው።

አራተኛው ያሬድ ዘለቀ በ2015 ያወጣው «በግ» ነው፤ በዚያው ዓመት በፈረንሳይ አገር በካን ከተማ የሲኒማ በዓል በይፋ ከተመረጡት መካከል ገብቷል፤ ከኢትዮጵያም የመጀመሪያው ነው። እናቱ የሞተችበት ኤፍሬም የ9 ዓመት ልጅ ነው፤ አባቱ ሥራ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ በተራራ አገር ከዘመዶቹ ዘንድ ትቶት ይሄዳል። የቀረችው ወዳጁ ቹኒ የምትባል በግ ስትሆን አጎቱ ለበዓል ሊያርዳት ያስባል። ተራሮቹ እጅግ ያማሩ ናቸው፤ አንዳንድ ጊዜም ውበታቸው ከልጁ ኀዘን ላይ ዓይናችንን ወስዶብናል። የወደድነው ግን ከሁሉ ይልቅ የማእድ ቤቱን ነው። ኤፍሬም ወጥ መሥራት ያውቃል፤ አጎቱ ይህ የሴት ሥራ ነው ብሎ ይቈጣዋል። ልጁ ግን ሳምቡሳ ሠርቶ በገበያ እየሸጠ በጊቱን ለማዳን ገንዘብ ያጠራቅማል፤ ከጭሱ መካከል ሆኖ ሊጡን ሲያድበለብል ፊቱ የባለ ሙያ ፊት ነው።